ከፍራሽ ተራ እስከ ብቸና በኦክስጅን ማሽን

ብቸና ሄጄ መጣሁ። አምስት ቀን ፈጀብኝ። ከመጣሁ ወዲህ ሱቄ በር ላይ ቆሞ «እንዴት ነበር?» የማይለኝ ሰው የለም፤ ለእያንዳንዱ ከምደግም አንዴ ጽፌ ልገላገል። ከጠያቂዎቼ መካከል ብቸና የሚሄድ እንደሌለ አውቃለሁ። እዚሁ አጠገባችን አብነት ድረስ ሂድ ሲባል እንኳ «ሱቁን ለማን ጥዬ?» የሚል ሕዝብ ነው።

የጉዞው ባለቤት ጋሼ አድማሱ ናቸው። ለማያውቃቸው፦ መርካቶ ፍራሽ ተራ ውስጥ አርባ ዓመት ጥጥ ሲያፍታቱና ፍራሽ ሲሞሉ የኖሩ፣ ንግድንም ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። እኔ ከእሳቸው ሱቅ አጠገብ ላስቲክ እሸጣለሁ፤ ለፍራሽ፣ ለሶፋ፣ ለጠረጴዛ፣ ለሚሸፈን ነገር ሁሉ። ያ ሁሉ ዓመት የሳቡት የጥጥ ብናኝ ሳንባቸውን ስለጎዳው አሁን ያለ ኦክስጅን አሥር እርምጃ አይሄዱም። ተክለ ሃይማኖት ባለው ቤታቸው ትንሽ ፍሪጅ የሚያህል፣ በመብራት የሚሠራ ማሽን አለ። አየሩን ስቦ፣ ኦክስጅኑን ለይቶ፣ በቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫቸው ይልካል። ቱቦው በረንዳው ድረስ ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ አይደርስም። ስለዚህ ጋሼም ከዚያ ወዲያ አይደርሱም።

እህታቸው እትዬ ይታይሽ ብቸና ይኖራሉ። ጥር ላይ አንዲት ልጃቸውን ሰብለን ሊድሩ ሆነ። የልጅቷ አባት በሕይወት የለም፤ የቤቱ ታላቅ ጋሼ ስለሆኑ መራቂውም እሳቸው ናቸው። ሐኪማቸው ሲሰማ «አይሂዱ አልልም፤ በወጉ ከሆነ» አለ። ጋሼ ደግሞ «ልጅቷን ሳልመርቅ ብሞት የምከሰው አንተን ነው» አሉ። ለእኔ ነው የሚሉት፤ ለሐኪሙ አይደለም።

በእጅ የሚያዝ ማሽን ፍለጋ ገባን። ዱባይ የምትመላለስ አንዲት የሻንጣ ነጋዴ ሁለት ዓይነት አሳየችን። አንዱ ጎማ ያለው፣ የሚጎተት፤ ኦክስጅኑን እንደ ቧንቧ ሳያቋርጥ ያፈሳል። ሌላው በትከሻ የሚንጠለጠል፣ የሴት ቦርሳ የሚያህል፤ ሰውየው ትንፋሽ ሲስብ ብቻ «ፕስ» ብሎ ይሰጣል፣ ሲያስወጣ ዝም ይላል። ትንሹን አብርቼ ቱቦውን መዳፌ ላይ ባደርገው ምንም አልወጣውም።

«እህቴ፣ ይሄ ሞቷል» አልኳት።

«አፍንጫ አለህ አይደል? በእሱ ሞክረዋ!»

ሞከርኩት፤ ሠራ። ለማይጠቀምበት የማይሰጥ ዕቃ ስለሆነ ወደድኩት።

ሁለቱንም የጥጥ ሚዛን ላይ አወጣኋቸው። ትልቁ የትንሹን ሦስት እጥፍ ይመዝናል። ትንሹ ላይ እስከ አምስት የሚደርስ ቁጥር አለ፤ የቤታቸውም ማሽን እስከ አምስት ነው። እኩል ናቸው ብዬ ለሐኪሙ ብነግረው ሳቀብኝ።

«የቤቱ አምስት ሊትር ነው። የዚህ አምስት የማሽኑ የራሱ እርከን ነው፤ ሊትር አይደለም። የጫማ አርባ ቁጥርና የሱሪ አርባ ቁጥር አንድ ነው?»

ይሄ ሐኪም መርካቶ ቢወጣ ያዋጣዋል። የኦክስጅን መለኪያዋን እንደ ልብስ መቆንጠጫ ጋሼ ጣት ላይ አደረገና ማሽኑን አንግተው በኮሪደሩ እንዲሄዱ አደረገ። «ተቀምጦ ሁሉም ደህና ነው፤ እየሄዱ ነው የሚለካው» አለ። ትንሹ ሲቀመጡ በሁለት፣ ሲሄዱ በሦስት ቁጥር ከሰማንያ ስምንት በመቶ በታች አላወረዳቸውም። ቁጥሩን በወረቀት ጻፈልንና በራሳችን እንዳንቀይር አስጠነቀቀን። ሲተኙ ግን ትንፋሻቸው ስለሚሳሳ ትንሹ ላይሰማው ይችላልና ለመኝታ የቤቱን ትልቁን ጭናችሁ ሂዱ አለ። ትንሹን ከአንድ ትርፍ ባትሪ ጋር ገዛን።

ከዚህ በኋላ ያለው የእኔ ሥራ ነው። ተሞክሮ ሲያበቃ ማሽኑን ከካርቶኑ ጋር በመጣው ስስ ላስቲክ መልሼ ጠቀለልኩት። በዚያ ላይ ከሱቄ ወፍራሙን ቆርጬ፣ ለቱቦውና ለገመዱ ቀዳዳ አስወጥቼ፣ ልክክ ያለ ልብስ አሰፋሁለት። ፍራሽ ተራ አንድ ሕግ አለው፤ ላስቲኩ የወጣ ዕቃ አሮጌ ነው። ያስተማሩኝ ራሳቸው ጋሼ ናቸው፤ ለደንበኛ ግን «ለአቧራ ነው» እንላለን። ደንበኛችን ፍራሹን ገዝቶ አሥር ዓመት ላስቲኩ ላይ እየተንሿሿ ይተኛል እንጂ አያወጣውም። ማሽኑን ለማን ብዬ አዲስ እንደማቆየው ያኔ ራሴን አልጠየቅኩም። ብጠይቅ መልሱ አይጠፋኝም ነበር።

ሐሙስ

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የሠፈራችን ሾፌር ሸምሱ ዲኤክስ መኪናውን ይዞ መጣ። ትልቁን ማሽን ከኋላ ጫንነው፤ ጋሼን ከፊት አስቀመጥናቸው፤ ትንሹን ማሽን በመኪናዋ የሲጋራ መለኮሻ ላይ ሰካነው።

«ሸምሱ፣ ሲጋራ የለም» አልኩት።

«ጋሼ ፊት መቼ አጭሼ አውቃለሁ?»

«የክብር ጉዳይ አይደለም። ኦክስጅን ባለበት እሳት አይቀርብም፤ ከነመኪናህ ነው የምትነደው።»

ስለ ራሱ ሲነገረው ሲከራከር ነበር፤ መኪናዋ ስትጠራ ሲጋራውን አውጥቶ ለሰፈሩ ዘበኛ ሰጠ።

በአዲሱ ገበያ አድርገን የእንጦጦን ጋራ ወጣን። ሱሉልታ ሜዳው ባዶ ነው። መርካቶ ያን የሚያህል ባዶ ቦታ ቢገኝ ለምሳ ሳይደርስ ተከራይቶ ያልቃል። ብርዱ ደግሞ ያለ ዋጋ ነው የሚሰጠው፤ ሦስታችንም ተንቀጠቀጥን። ጋሼ መስኮቱን ያያሉ፣ ማሽኑ ፕስ ይላል፣ ሸምሱ ያወራል። ፍቼ ላይ ፍርፍር በላን። እኛ ዘንድ ቁርስ ቆሞ፣ በአንድ እጅ፣ በሌላው እጅ ስልክ ይዞ ነው የሚበላው፤ እዚያ ግን አስተናጋጇ እጅ አስታጥባ፣ አቅርባ፣ እስክንጨርስ ቆማ ጠበቀችን። ሸምሱ ሰርቀን እንዳንሄድ ነው ብሎ ጠረጠረ። ለካ ልትጨምርልን ነው።

ከፍቼ እንደወጣን ሸምሱ ስልኩን በመከፋፈያ ከማሽኑ ጋር ደርቦ ሰካው። ጠጥ አለ፤ ፊውዙ ሄደ፤ ማሽኑም በባትሪ ብቻ ቀረ። የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ቢሆን ሦስት ሱቅ ሳናልፍ ፊውዙን አግኝተን በነገሩም ሻይ ጠጥተንበት ነበር። እዚህ ግን ገበያ ባገኘን ቁጥር ብንጠይቅ ያለው ፊውዝ ሁሉ የሌላ መኪና ነው። ጎሐ ጽዮን ስንደርስ አንዱ ባትሪ አልቆ ሁለተኛው ተጋምሷል።

«ሸለቆውን በአንድ ትንፋሽ ነው የማሻግራችሁ» አለ ሸምሱ።

«አንተ በአንድ ትንፋሽ ተሻገር» አሉ ጋሼ፤ «እኔ ያለኝ ግማሽ ነው።»

እዚያው አደርን። ያገኘነው ሆቴል ባለቤት እትዬ በላይነሽ ይባላሉ። መብራት የለም። አባይ ከእነሱ ቁልቁል ነው የሚፈሰው፤ የግድቡን ቦንድ እኔም ገዝቻለሁ፣ እሳቸውም ገዝተዋል፤ እስኪደርስ ጄኔሬተር ነው። ጄኔሬተራቸው ደግሞ የሚችለው የቢራውን ፍሪጅ ብቻ ነው። እትዬ በላይነሽ ጋሼን አዩ፣ ትልቁን ማሽን አዩ፣ ሄደው የፍሪጁን ሶኬት ነቀሉ።

«ቢራዎትስ?» አልኩ።

«ይሙቅ። ጠጪው ይለምደዋል።»

«እንግዲያው የጄኔሬተሩን ስንት ልክፈል?»

«የምኑን?» አሉ። «የሰው ትንፋሽ ነው የምታስከፍለኝ? አገርህ እንዲህ ነው?»

«አገሬ መርካቶ ነው።»

«እሱስ ያስታውቃል» አሉና ሽሮ ሊያቀርቡ ሄዱ።

ዓርብ

ሁለቱም ባትሪዎች ሞልተው ተነሳን። እትዬ በላይነሽ ከአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ለምነው ፊውዝ አስገኝተውልናል። ወደ ሸለቆው ስንወርድ ጆሮ ይደፈናል፣ ሹራብ ይወልቃል፤ የእኔ ዓይን ግን ጋሼ ጣት ላይ ያለችው መለኪያ ላይ ነበር። ዘጠና ሁለት አለች፤ ወረድን፣ ዘጠና አምስት አለች። ዝቅ ሲሉ አየሩ ይወፍራል፤ ይህን ሐኪሙ ነግሮን ነበር። ድልድዩ ጋ መቆም ስለማይፈቀድ ተሻግረን አንድ ጥላ ሥር ቆምን። ጋሼ ቁጭ እንዳሉ ባትሪ ለመቆጠብ ማሽኑን አጠፋነው፤ መለኪያዋ ዘጠና አንድ ላይ ቀረች። ማሽኑን መኪናዋ ውስጥ ፀሐይ ላይ፣ ከፊት መስታወቱ ሥር ተውኩት።

ጋሼ በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ረጅም ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። ስድብ ነበር። ሁለት ዓመት ያጠራቀሙትን በሙሉ ለሸምሱ አወረዱለት፤ አነዳዱን፣ ፊውዙን፣ የዲኤክሷን ወንበር፣ በተለይ የወንበሩን ስፖንጅ። «ይሄ ፍራሽ ቢሆን ኖሮ ሸጬልህ እጠፋ ነበር!» አሉ። ሸምሱ በደስታ ይሰማል።

«ጋሼ፣ እዚሁ ሸለቆ ቤት እንሥራልዎት» አላቸው።

«ማንን እየሰደብኩ ልኖር?»

ሩብ ሰዓት ቆይተን ማሽኑን አብርተን፣ ሶኬቱ ላይ ሰክተን ወደ ደጀን መውጣት ጀመርን። ዳገቱ ወገብ ላይ ማሽኑ ጢጥ ጢጥ አለ። ቢጫ መብራት፤ ወዲያው ቀይ። መለኪያዋ ሰማንያ ስድስት፣ ሰማንያ ሦስት፣ ሰባ ዘጠኝ። ሸምሱ መኪናውን ዳር አስያዘ። ባትሪውን ቀየርኩ፤ ጢጥ። ቱቦውን ነቅዬ ሰካሁ፤ ጢጥ። የጋሼ ከንፈር ኮፒ እርሳስ እንደ ላሰ ሰው ወይን ጠጅ ሆነ።

«ወደ ታች ልመለስ?» አለ ሸምሱ። «ታች አየር አለ።»

ታች አየር አለ፤ ሠርጉ ያለው ላይ ነው። ምን እንደምመልስ ሳላውቅ ጋሼ እጃቸውን ማሽኑ ላይ ጣሉ፤ እንደ ምጣድ ግሏል። መናገር አልቻሉም። በጥፍራቸው ላስቲኩን ቧጠጡት። ያኔ አየሁ። ፀሐይ ያለሰለሰው ላስቲክ አየር መሳቢያው ወንፊት ላይ እንደ ቆዳ ተጣብቋል። የጋሼን መተንፈሻ ልጠብቅ ብዬ የማሽኑን አፍንጫ አፍኜዋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሸምሱ መናገሩ ስለማይቀር እኔው ብናገረው ይሻላል። በዚያች ደቂቃ እንኳ ሳልቀደው ላወጣው ስፌቱን እፈልግ ነበር። ሸምሱ «ምን ትፈልጋለህ አንተ!» ብሎ ከእጄ ነጥቆ በመኪናው ቁልፍ ተረተረው። ውስጥ ያለውን ስሱን እኔ ላጥኩት። ማሽኑን በሩ ላይ፣ ነፋስ ላይ ያዝነው፤ እስኪበርድ ሸምሱ በጋቢው ያራግብለታል። ጢጥታው ቆመ። ፕስ። ሰማንያ አንድ። ፕስ። ሰማንያ አምስት። ሰማንያ ዘጠኝ ስትል ሸምሱ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ደጀን ደረስን። ከተማው መግቢያ ላይ ጋሼ ወደ ኋላ ሳይዞሩ፣

«ለማን ነበር... አዲስ አድርገህ... የምታቆየው?» አሉ።

«አቧራ እንዳይገባበት ብዬ ነው ጋሼ።»

«አቧራ!» ፕስ። «አርባ ዓመት የሸጥኩትን ውሸት... መልሰህ ለኔ?»

ስሱን ላስቲክ አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት። 

ብቸና የደረስነው ከቀትር በኋላ ነው። እትዬ ይታይሽ በር ላይ ቆመው ነበር። እቅፍ አድርገው ሊስሟቸው ሲሉ ቱቦውን አይተው እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«ይሄ ነገር ያማል እንዴ?»

«አያምም፤ ሳሚኝ» አሏቸው ጋሼ። «ከዚህ ሁሉ መንገድ በኋላ የሚያመኝ ሸምሱ ብቻ ነው።»

ቅዳሜ

ብቸና ሰው ሰላምታ ሲሰጥ ይቆማል። መርካቶ እየሮጥን ነው የምንሳሳመው። አንድ ሰው የእኔን፣ የቤተሰቤን፣ የመንገዱን፣ የዝናቡን ደህንነት ጠይቆ ሳይጨርስ ሁለት ደንበኛ ባለፈኝ ብዬ ማስላቴን ለመተው ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

እትዬ ይታይሽ ሸምሱ እስላም መሆኑን እንደሰሙ ሙስሊም ጎረቤታቸውን ጠርተው ለእሱ ብቻ በግ አሳረዱ። ድስቱ ሌላ፣ ጭልፋው ሌላ፣ ጠባቂም ተመድቦለታል። ሸምሱ በአንድ በግ ፊት ብቻውን ተቀምጦ «ወንድሜ፣ ሠርጉ የማን ነው?» አለኝ።

ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። የሠርጉ ዲጄ ድንኳኑን ሊያዘጋጅ ጄኔሬተር ይዞ መጥቶ ነበር። ጭሱ እንዳይገባ ከቤቱ ጀርባ አርቀን አቁመነው ለጋሼ የመኝታ ማሽን ሲሠራ አደረ። «ዘፈን ሳይኖር ሲሠራ ያደረ ጄኔሬተር የመጀመሪያዬ ነው» አለ ዲጄው። ነዳጁን ልሙላልህ ብለው ሙሽሪት የእኔም እህት ናት አለኝ። አልነበረችም፤ ስሟን እንኳ ከካርዱ ላይ ነው ያነበበው።

እሑድ

ጋሼ ከጠዋት ጀምሮ አልተናገሩም፤ ትንፋሽ እያጠራቀሙ ነው። ሐኪሙ ለመሄድ ሦስት ቁጥር ብሎ ስለጻፈ፣ ከቤት እስከ ድንኳኑ ያለችውን ሠላሳ እርምጃ በሦስት ቁጥር ሄደን፣ ተቀምጠው ወደ ሁለት መለስኩላቸው። ማሽኑ እርቃኑን ትከሻዬ ላይ ነው። ሕፃናት እየነኩት፣ አንዲት እናት በወጥ እጇ «ይሄ ነው?» ብላ እየዳሰሰችው፣ እስከ ምርቃቱ ድረስ አንድ ጭረትና ሁለት የቅባት ጣት አሻራ አግኝቷል። ቆጥሬያለሁ።

ሙሽሮቹ መጥተው ጉልበት ሳሙ። ዲጄው ማይክራፎን አቀረበ። ጋሼ በእጃቸው መለሱትና ወደ ጄኔሬተሩ ጠቆሙ።

«አጥፋው ይላሉ» አልኩ።

«ጋሼ፣ እሱ ከጠፋ ማይኩም ይጠፋል!»

«አጥፋው ተብለሃል» አሉ እትዬ ይታይሽ።

ጠፋ። ድንኳኑ ውስጥ ያ ሁሉ ሰው እያለ የሚሰማው ፕስ ብቻ ሆነ።

«እግዚአብሔር...» አሉ ጋሼ። ፕስ። «ይባርካችሁ።»

«አሜን!» አለ ድንኳኑ።

እኔ እስከዚያች ሰዓት የፈራሁት ሙሉውን ምርቃት እንደ ሌሎች ሽማግሌዎች በአንድ ወጥ ያወርዱታል፣ መሃል ላይ ይወድቃሉ ብዬ ነው። ምርቃት ግን እንዲያ አይደለም። መራቂው አንዲት ቃል ይላል፤ ሕዝቡ አሜን ይላል፤ አሜኑ እስኪያልቅ መራቂው ያርፋል። ጋሼ በአሜኑ ውስጥ ይስባሉ፣ ማሽኑ ይሰጣል፣ እንደገና ይላሉ። ሕዝቡም ገብቶት አሜኑን አስረዘመው፤ ከኋላ ያሉት ከፊት ያሉትን እየተቀበሉ። ምርቃትን መጀመሪያ ያወጣው ሰው ትንፋሽ ያጠረው ሽማግሌ ሳይሆን አይቀርም።

«ውለዱ... ክበዱ።»

«አሜን!»

«ቤታችሁ... ከእንግዳ አይጉደል።»

«አሜን!»

«ፍራሻችሁ... ይሙቅ።»

ሳቁ ድንኳኑን ሊነቅለው ነበር። ሰብለ ፊቷን ሸፈነች። ጋሼ ሳቁ እስኪያልቅ አርፈው የሳቡትን አየር ይዘው የመጨረሻዋን ሳያቋርጡ አወጧት፦ «ትንፋሻችሁ ከትንፋሼ ይርዘም።»

ለዚህኛው እትዬ ይታይሽ አሜን ማለት አልቻሉም፤ ሌላው አለላቸው። መለኪያዋን አየሁ፤ ዘጠና። ከዚያ ዲጄው ጄኔሬተሩን አስነሳ፤ የቀረውን ጭፈራ እንደ ሁሉም ሠርግ ቁጠሩት።

ሰኞ

እትዬ ይታይሽ ለመንገድ ቅቤ በቅል አስያዙን። ሸለቆው ውስጥ ስንገባ ቅቤው ቀልጦ በቅሉ አፍ እየወጣ ጋሼ ጉልበት ላይ ይንጠባጠብ ጀመር።

«ላስቲኩን አምጣ» አሉኝ።

«የትኛውን?»

«ዓርብ አጣጥፈህ... ኪስህ የከተትከውን።»

አወጣሁት። እውነት ለመናገር አንዲት ቀዳዳ የለውም ነበር። ተቀበሉኝ፣ ዘረጉት፣ ቅሉን እስከ አንገቱ ጠቀለሉበት። ለአርባ ዓመት እንደጠቀለሉት ነው የጠቀለሉት፤ ጠብታ አልወጣም። ጎሐ ጽዮን ስንደርስ ቅሉን ከነላስቲኩ ለእትዬ በላይነሽ ሰጧቸው። «ለሞቀው ቢራዎት» አሉ።

ማሽኑ አሁን ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ሐኪሙ የአየር መሳቢያውን ወንፊት እያወጣሁ እንዳጥብ አሳይቶኛል፤ በየሳምንቱ አጥባለሁ። ጋሼም ከበረንዳው ወርደው ረፋድ ረፋድ ላይ ሱቃቸው በር ላይ መቀመጥ ጀምረዋል።

ትናንት ከተራችን አንድ ሰው መጣ። እናቱ ትንፋሽ አጥሯቸዋል። ጋሼ እንዳይሰሙት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ያ ማሽን... ጊዜው ሲደርስ፣ ለሌላ ከመስጠትህ በፊት...» አለኝ።

«ላስቲክ የለውም» አልኩት። «አዲስ ግዛ። ደግሞ እናትህን እያስኬድክ ለካቸው፤ ተቀምጠው ለክተህ እንዳትገዛ።»

ጋሼ ግን ሰምተዋል። ሳንባቸው ነው እንጂ ጆሮአቸው ደህና ነው።

«አሮጌ ነው፤ አይሆንህም» አሉት ከበሩ። ፕስ። «ገና ብዙ... አስረጀዋለሁ።»